ትልቅ ውሻን በአይሮፕላን ወደ ባሕር ማዶ ስለ መውሰድ

ውሻ ከጥንት ጀምሮ የሰው ጓደኛ ነው። እረኛው ከብቱን፣ ገበሬው አዝመራውን፣ ከተሜው ደጁን በውሻ ሲያስጠብቅ ኖሯል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የተባለውም ታማኝነቱ ታይቶ ነው። እንደ የካ አባዶ በከተማው ዳር በሚገኝ ሠፈር ሌሊት የጅብ ድምፅ ስለሚሰማ፣ ግቢ ያለው ቤተ ሰብ ትልቅ ውሻ ቢያሳድግ የሚያስገርም አይደለም።

ይሁን እንጂ ዘመኑ የጉዞ ዘመን ነው። አንዱ ለትምህርት፣ አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ከቤተ ሰቡ ጋር ለመቀላቀል ባሕር ማዶ ይሻገራል። በዚህ ጊዜ ቤቱ ይከራያል፤ ወንበሩና አልጋው ይሸጣል፤ ዘመድና ጎረቤት ይሰናበታል። ውሻውስ ምን ይሆናል? ብዙውን ጊዜ ለዘበኛ አደራ ይሰጣል። ዘበኛው ሥራ ሲለውጥ ወይም ተከራዩ ውሻ አልወድም ሲል ግን ያ ትናንት «መቻል» ተብሎ በስሙ ይጠራ የነበረ እንስሳ በየመንገዱ ከሚዞሩት ውሾች አንዱ ሆኖ ይቀራል። በሠፈራችን የጌታው በር እስኪከፈት ድረስ ከደጅ ተኝቶ የሚጠብቅ እንዲህ ያለ ውሻ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ነገር ብዙ ሰው ጠይቄ፣ የእንስሳት ሐኪሞችን አነጋግሬ፣ የየአገሩን ደንብ አንብቤ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። ውሻው ወደ ኋላ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ጌታው ጨካኝ ስለ ሆነ ሳይሆን ስለ ዘገየ ነው። ሰው ቪዛውን አግኝቶ ትኬቱን ከቆረጠ በኋላ «ውሻውንስ እንዴት ልውሰድ?» ብሎ ሲጠይቅ ጊዜው አልፎ ይገኛል። የትልቅ ውሻ ጉዞ የሚጀመረው በቦሌ አየር ጣቢያ አይደለም፤ ከዚያ ስድስት ወር ያህል ቀደም ብሎ በሐኪም ቤት ነው። ይህ ለምን እንደ ሆነና ምን ምን እንደሚያስፈልግ በተራ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ፣ የውጭ አገር መንግሥታት በውሻ ላይ ይህን ያህል ጥብቅ የሚሆኑበት ምክንያት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በዚህ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው እንደሚሞት ይገምታል፤ ሰውን ከሚይዘው ውስጥም ከመቶ 99 የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። በአዲስ አበባ በሽታው በወረርሽኝ መልክ መነሣቱ እ.ኤ.አ. በ1903 ተመዝግቧል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ ክትባት ለሰው የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበትን ቦታ የከተማችን ሰው «ፓስተር» እያለ መጥራቱም በዚሁ ሊቅ ስም የተሰየመ ተቋም ቀድሞ በዚያ ስለ ነበረ ነው።

የበሽታው ተሐዋሲ በንክሻ ከገባ በኋላ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ይህም ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል። በዚህ መካከል ውሻው ጤነኛ መስሎ ይበላል፣ ይጫወታል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን መድኃኒት የለውም። እንግዲህ ሹሞቹ የሚፈሩት ጤነኛ መስሎ በሽታውን ተሸክሞ የሚመጣውን ውሻ ነው። አገራችን በሽታው ካልጠፋባቸው አገሮች አንዷ ስለ ሆነች ከዚህ የሚሄድ ውሻ ከሌላው የበለጠ ምርመራና ረዘም ያለ የጥበቃ ጊዜ ይጠየቃል።

ሁለተኛው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። በመጀመሪያ ውሻው መታወቂያ ይደረግለታል። ይህም ማይክሮቺፕ የሚባለው የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት፤ በመርፌ ከትከሻው መካከል ከቆዳ ሥር ትገባለች፤ በልዩ መሣሪያ ሲነበብም ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ታሳያለች። ከዚያ በኋላ የእብድ ውሻ ክትባት ይሰጠዋል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ የለበትም። ክትባቱ ከማይክሮቺፑ በፊት ከተሰጠ የተከተበው ያው ውሻ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር ስለማይኖር ክትባቱ እንዳልተሰጠ ተቆጥሮ ሥራው ሁሉ እንደ ገና ይጀመራል። ብዙ ውሾች በየዓመቱ ተከትበው ሳለ መታወቂያ ባለመኖሩ ብቻ ወራት ይባክንባቸዋል።

ሦስተኛው የደም ምርመራ ነው። ክትባቱ ከተሰጠ ቢያንስ 30 ቀን ካለፈ በኋላ ሐኪም ደም ይቀዳል፤ የደሙም ውኃ ተለይቶ በቅዝቃዜ ተጠብቆ ተቀባይ አገሩ ወዳወቀው ላቦራቶሪ ይላካል። በፈረንሳይ አገር በናንሲ ከተማና በአሜሪካ በካንሳስ ክፍለ ሀገር የሚገኙት በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ምርመራው የሚያየው ክትባቱ በውሻው አካል ውስጥ በቂ የመከላከያ ኃይል መፍጠሩን ነው። ልኩም በአንድ ሚሊ ሊትር ግማሽ ዓለም አቀፍ ዩኒት፣ ማለት 0.5 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት።

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሄድ ውሻ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መቆየት ግዴታው ነው። ምክንያቱም ከመከተቡ በፊት ተነክሶ እንደ ሆነ በሽታው በእነዚህ ወራት ውስጥ ሊገለጥ ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ለምሳሌ በ2018 ዓ.ም. መስከረም 10 ቀን የተከተበ ውሻ ደሙ ጥቅምት 10 ቀን ቢቀዳ፣ ሦስቱ ወር በፈረንጆች አቈጣጠር ሲሰላ የሚሞላው ጥር 12 ቀን ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ብቻ ስለ ሆነ በእኛ ቈጥሮ በጥር 10 የሚነሣ ሰው በሁለት ቀን ጉድለት ሊመለስ ይችላል።

የአሜሪካ ደንብ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት፣ የእብድ ውሻ በሽታ በብዛት ካለባቸው አገሮች የሚመጣ ውሻ ዕድሜው ቢያንስ ስድስት ወር መሆን አለበት፤ ማይክሮቺፕና በመንግሥት ሐኪም የተረጋገጠ የክትባት ወረቀት ያስፈልገዋል። ደሙም ከመጀመሪያው ክትባት ቢያንስ 30 ቀን በኋላ፣ አሜሪካ ከመግባቱም ቢያንስ 28 ቀን በፊት የተቀዳ መሆን ይገባዋል። በተጨማሪም ውሻው የሚገባው የተፈቀደ የእንስሳት መቀበያ ባለባቸው ጥቂት አየር ጣቢያዎች ብቻ ነው፤ ለመቀበያውም አስቀድሞ ቦታ መያዝ አለበት። የዋሽንግተኑ ዳላስና አትላንታ ሕጉ ሲወጣ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። የደም ምርመራ የሌለው ውሻ ግን በመቀበያው 28 ቀን ተለይቶ ይጠበቃል፤ ወጪውም በጌታው ላይ ነው። ወደ እንግሊዝ አገር የሚሄደው ደግሞ እንደ አውሮፓው የደም ምርመራና የሦስት ወር ጥበቃ አለበት፤ በዚያም ላይ ከመድረሱ በፊት ከ24 ሰዓት በማያንስ፣ ከ120 ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ከኮሶ ትል ወገን ለሆነ ትል መድኃኒት መውሰዱ በሐኪም መጻፍ አለበት።

በዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። በክትባት ደብተሩ ላይ ቀኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መጻፍ አለበት። ሐኪሙ በለመደው «2018» ብሎ ቢጽፍ፣ የውጭ አገር ሹም ይህን አንብቦ ክትባቱ ከተሰጠ ሰባት ስምንት ዓመት ያለፈው ይመስለዋል። የጌታው ስም በፓስፖርቱ እንዳለው፣ የማይክሮቺፑም ቁጥር በየወረቀቱ አንድ ዓይነት መሆኑን ደጋግሞ ማየት ነው። በመጨረሻም ሥልጣን ያለው የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የጤና ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ለአውሮፓ ይህ ወረቀት የሚያገለግለው ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ እስከ መግቢያው ድረስ 10 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወረቀት እጅግ ቀድሞ፣ የመጨረሻው ደግሞ በጉዞው ዋዜማ ይወጣል ማለት ነው።

«እኔ ልሂድና ውሻውን በኋላ ያስልኩልኛል» የሚል ሰውም አይጠፋም። ነገር ግን በአውሮፓ ደንብ ውሻ እንደ ቤት እንስሳ የሚቆጠረው ከጌታው ጉዞ 5 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ቀድሞ ወይም ተከትሎ ሲሄድ ነው። ከዚያ ካለፈ የንግድ እንስሳት ደንብ ይፈጸምበታል፤ ያም የበለጠ ከባድ ነው።

አራተኛው ሣጥኑ ነው። ትንሽ ውሻ በአንዳንድ አየር መንገድ ከጌታው እግር ሥር ተቀምጦ ሊሄድ ይችላል፤ ትልቁ ግን በአይሮፕላኑ ሆድ ውስጥ በሣጥን ይጫናል። የሣጥኑን መጠን የሚወስነው የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ደንብ ነው። ውሻው ቆሞ አራት ነገር ይለካል፤ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ሥር ያለው ርዝመት፣ ከመሬት እስከ ፊት እግሩ ክርን ያለው ቁመት፣ የትከሻው ስፋት፣ እንዲሁም ከመሬት እስከ ራሱ ወይም እስከ ጆሮው ጫፍ ያለው ቁመት። የሣጥኑ ርዝመት የውሻው ርዝመትና የክርኑ ቁመት ግማሽ ሲደመሩ ነው፤ ስፋቱ የትከሻው ስፋት እጥፍ ነው፤ ቁመቱ የራሱ ቁመትና የምንጣፉ ውፍረት ነው።

ለምሳሌ ርዝመቱ 100፣ የክርኑ ቁመት 40፣ ትከሻው 30፣ የራሱ ቁመት 75 ሳንቲ ሜትር የሆነ ውሻ ቢኖር፣ የ5 ሳንቲ ሜትር ምንጣፍ ሲጨመር ሣጥኑ 120 በ60 በ80 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ውሻው በውስጡ ሳይጎብጥ መቆም፣ መዞርና ተዘርግቶ መተኛት መቻል አለበት። አፍንጫቸው ለተደፈጠጠ ውሾች ሣጥኑ አንድ አሥረኛ ያህል ይጨመርበታል። በአራቱም ጎን አየር መግቢያ፣ ከውጭ ውኃ የሚጨመርበት ዕቃ፣ ፈሳሽ የሚመጥ ምንጣፍ፣ በጥርስ የማይሰበር በር ያስፈልገዋል። ጎማ ካለው ጎማው ይነቀላል። በላዩም ሕይወት ያለው እንስሳ መሆኑንና የላዩን አቅጣጫ የሚያመለክት ጽሑፍ ይለጠፋል። ሣጥኑን በአናጢ ማሠራት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ እንጨት ከመቆረጡ በፊት ልኩንና የሥራውን ዓይነት አየር መንገዱ አይቶ መስማማት አለበት።

ስለ ሣጥኑ ሁለት ነገር መዘንጋት አይገባም። አንደኛው ዋጋው ነው። ብዙ አየር መንገዶች ውሻውና ሣጥኑ በአንድነት ከ32 ኪሎ ሲበልጡ በሻንጣ ፈንታ በካርጎ ይቀበሏቸዋል። በካርጎ ደግሞ የሚከፈለው በሚዛን ብቻ ሳይሆን በያዘው ቦታ ጭምር ነው። ሦስቱ ልኮች በሳንቲ ሜትር ተባዝተው ለ6,000 ይካፈላሉ። የላይኛው ሣጥን 576,000 ለ6,000 ሲካፈል 96 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ ውሻው 40፣ ሣጥኑ 25 ኪሎ ቢመዝኑም የሚከፈለው ለ65 ሳይሆን ለ96 ኪሎ ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ቤተ ሰብ ገንዘቡን ቀስ በቀስ ያጠራቅማል። ሁለተኛው የአይሮፕላኑ ዓይነት ነው። እንደ ቦይንግ 737 ያሉት የዕቃ በራቸው ቁመት ከ1 ሜትር በታች ስለ ሆነ እጅግ ረጅም ሣጥን አያስገቡም። በመካከል አይሮፕላን የሚለወጥ ከሆነ ሁለቱንም ማጣራት ይገባል።

አምስተኛው ነገር ትዕግሥትን የሚጠይቀው ልምምድ ነው። በውጭ አገር ብዙ ውሾች ከልጅነታቸው ጀምሮ በቤት ውስጥና በሣጥን መተኛት ይለምዳሉ። የእኛ አገር ውሻ ግን ግቢ ውስጥ ያደገ፣ ሌሊቱን ከአጥር አጥር ሲሮጥ የሚያድር ነው፤ በአንድ ቀን ሣጥን ውስጥ ቢዘጉበት ጥርሱንና ጥፍሩን እስኪያደማ ይታገላል። ስለዚህ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው ሣጥኑ ከሁለት ሦስት ወር በፊት በግቢው ይቀመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት በሩ ተነቅሎ ምግቡ በውስጡ ይሰጠዋል። ቀጥሎ በሩ ለአንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ለአምስት፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት፣ በመጨረሻም ሌሊቱን በሙሉ ይዘጋል። ሲያለቅስ ቶሎ አይከፈትለትም፤ ዝም ሲል ተከፍቶ ይመሰገናል። ከዚህ በኋላ ሣጥኑ በመኪና ተጭኖ ከየካ አባዶ በአያት፣ በሲ ኤም ሲና በመገናኛ በኩል እስከ ቦሌ ደርሶ ቢመለስ የመኪናውን መናወጥ፣ የጥሩምባውን ጩኸትና የአይሮፕላኑን ድምፅ ይለምዳል።

ሰዎች አብዝተው የሚጠይቁት «በአይሮፕላኑ ሆድ ውስጥ አይታፈንም ወይ?» ብለው ነው። እንስሳ የሚጫንበት ክፍል የአየሩ ግፊት ልክ እንደ ተሳፋሪው ክፍል የተጠበቀ ነው፤ ሙቀቱም ለእንስሳ ተስማሚ እንዲሆን ይደረጋል፤ አብራሪውም እንስሳ መጫኑ በጽሑፍ ይነገረዋል። በበረራ ጊዜ በውስጡ ያለው አየር ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ያህል ይሳሳል። የቦሌ አየር ጣቢያ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባ ውሻ በዚያ አየር ተወልዶ ያደገ ስለ ሆነ ከቆላ አገር ውሻ ይልቅ ነገሩ ቀላል ይሆንለታል።

ይልቁንስ የሚያስፈራው ሙቀትና የእንቅልፍ መድኃኒት ነው። ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ ስለማያልበው የሚበርደው በማለክለክ ነው፤ በሞቃት አየር ጣቢያ ፀሐይ ላይ ቢቆይ ይጎዳል። ስለዚህ መንገዱ አጭር፣ ጊዜው ሌሊት፣ መሸጋገሪያው ቀዝቃዛ ቢሆን ይመረጣል። «ተኝቶ ይሂድ» ብሎ የሚያደነዝዝ መድኃኒት መስጠት ደግሞ አደገኛ ነው። መድኃኒቱ የደሙን ግፊት ያወርዳል፤ አተነፋፈሱን ያዳክማል፤ በአየር ላይ ደግሞ የሚረዳው ሐኪም የለም። ብዙ አየር መንገዶችም የደነዘዘ እንስሳ አይቀበሉም።

በጉዞው ቀን ውሻው ከመነሣቱ ጥቂት ሰዓቶች በፊት ቀለል ያለ ምግብ ይሰጠዋል፤ ውኃ ግን አይከለከልም። በደንብ ይንሸራሸራል። በውኃ ዕቃው ላይ በረዶ የሆነ ውኃ ቢደረግ ሳይደፋ ቀስ እያለ ይቀልጥለታል። የጌታው ጠረን ያለበት አሮጌ ጋቢ ወይም ሹራብ ከሥሩ ቢነጠፍለት ይጽናናል። የወረቀቶቹ ግልባጭ በሣጥኑ ላይ ይታሰራል፤ ዋናው ከጌታው እጅ አይለይም። ሲደርስም ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት ገመድ መዘጋጀት አለበት፤ የደነገጠ ውሻ በማያውቀው አገር ቢያመልጥ ማግኘቱ ቀላል አይደለምና።

እርግጥ ነው፣ ውሻ ሁሉ መሄድ ይገባዋል ማለቴ አይደለም። ያረጀ፣ የታመመ ወይም ያረገዘች ውሻ በአገሩ ብትቀር ይሻላል። አንዳንድ ዘሮችንም የሚከለክሉ አገሮች አሉ፤ ለምሳሌ ፒት ቡል የሚባለው ከ1991 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ በእንግሊዝ አገር የተከለከለ ነው። ገንዘቡ የማይበቃው ቤተ ሰብም ሊያፍር አይገባም። ነገር ግን የማይወስደውም ሰው ቢሆን ጊዜ ያስፈልገዋል። አዲሱ ጌታ በመጨረሻው ሌሊት ሳይሆን ወራት ቀድሞ ይፈለጋል፤ እየመጣ ውሻውን ያበላዋል፤ ውሻውም አዲሱን ግቢ እየሄደ ይለምዳል፤ የክትባት ደብተሩም አብሮት ይተላለፋል።

ስለዚህ ወደ ውጭ የመሄድ ሐሳብ ያለው ቤተ ሰብ ቪዛው እስኪመጣ ሳይጠብቅ ማይክሮቺፑን፣ ክትባቱንና የደም ምርመራውን ቢያስጨርስ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። በአውሮፓ ደንብ አንድ ጊዜ ያለፈ የደም ምርመራ፣ የክትባቱ ጊዜ ሳያልፍ እየታደሰ እስከ ሄደ ድረስ ዕድሜ ልኩን ያገለግላል። ጉዞው ቢቀር እንኳ ውሻው የተከተበ፣ ልጆቹና ጎረቤቱም ከአስከፊው በሽታ የተጠበቁ ይሆናሉ። ደንቡ ግን በየጊዜው ስለሚለወጥ፣ ከመነሣት በፊት ከሚሄዱበት አገር ኤምባሲና ከአየር መንገዱ አዲሱን ደንብ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ውሻ ቀን አይቈጥርም፤ ፓስፖርት አያነብም፤ ጌታው ሻንጣ ሲያዘጋጅ አይቶ ጅራቱን ከመቁላት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ስለ እርሱ ቀኑን የሚቈጥርለት የበላበት ቤት ነው።